ፋፍሳ ላይ የወላጅ ገቢ፦ ማን ይሞላል? ምኑ ይቆጠራል?

አሜሪካ ውስጥ ልጅ ኮሌጅ ለመግባት ሲዘጋጅ፣ ፋፍሳ የሚባለው የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ ሲሞላ ቤት ውስጥ መነሳቷ የማይቀር አንዲት ጥያቄ አለች። «አባዬ፣ በዓመት ስንት ታገኛለህ?» ብዙ ሐበሻ ወላጅ ይህችን ጥያቄ አይወዳትም። የወላጅ ደሞዝ ለልጅ አይነገርም ተብሎ ያደገ ሰው ነው። ስለዚህ አንዱ «ገቢዬን ለማንም አልዘረዝርም» ይላል። ሌላው «እኛ ደህና ነው የምንሠራው፣ ምንም አይሰጡንም» ብሎ ይተወዋል። ሦስተኛው «ፈርሜ በኋላ ዕዳው እኔ ላይ ቢመጣስ?» ብሎ ይሰጋል። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ የሚጎዳው ልጁ ነው። የማይመለስ ገንዘብ እያለለት ብድር ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ ስጋቶቹን በቅድሚያ እንያቸው። ፋፍሳ ላይ መፈረም የልጅን የትምህርት ክፍያ ለመክፈል ቃል መግባት አይደለም። ፈርመው አንድ ዶላር ባይከፍሉ በዚያ ፊርማ ማንም አይጠይቅዎትም። ገቢዎንም ልጅዎ አያየውም። በአሁኑ አሠራር ወላጅ በራሱ አካውንት ገብቶ የራሱን ክፍል ብቻ ይሞላል። ከአይ አር ኤስ (ከፌዴራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) የሚመጣው የወላጅ የታክስ መረጃ ለልጁ አይታይም። «አይሰጡንም» የሚለውን ደግሞ ትንሽ ቆይተን በቁጥር እናየዋለን። ብዙ ጊዜ ግምቱ ስህተት ነው።

ፋፍሳ የፌዴራል መንግሥት የተማሪዎች ድጋፍ ማመልከቻ ነው። ስቱደንትኤይድ ዶት ጎቭ ላይ በነጻ ይሞላል። «ልሙላላችሁ» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ካለ አይክፈሉት። የሃይስኩል ካውንስለርም ሆነ የኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ያለ ክፍያ ያግዛሉ። በዚህ ፎርም የሚገኘው ዋናው ነገር ፔል ግራንት ነው። ይህ ብድር አይደለም፣ አይመለስም። ላለፉት ጥቂት ዓመታት ከፍተኛው መጠን በዓመት 7,395 ዶላር ላይ ቆሟል። በብዙ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ይህ የዓመቱን የትምህርት ክፍያ ይሸፍናል። ከፔል ሌላ አነስተኛ ወለድ ያለው የፌዴራል ብድር፣ ግቢ ውስጥ እየሠሩ የሚከፈልበት ወርክ ስተዲ፣ የስቴቱ ግራንት፣ የኮሌጁ የራሱ ድጋፍም በአብዛኛው የሚጀምሩት ከዚሁ ፎርም ነው።

ማመልከት የሚችለው ተማሪው ዜጋ ከሆነ፣ ግሪን ካርድ ካለው፣ ወይም በስደተኝነት ገብቶ ወይም ጥገኝነት ተፈቅዶለት የሚኖር ከሆነ ነው። በዲቪ የመጣ ልጅ ግሪን ካርድ ስላለው ይችላል። በተማሪ ቪዛ ያለ፣ ቲፒኤስ (ጊዜያዊ ከለላ) ብቻ ያለው፣ ወይም የጥገኝነት ጉዳዩ ገና በመታየት ላይ ያለ የፌዴራሉን አያገኝም። ካሊፎርኒያና ሜሪላንድን የመሳሰሉ ስቴቶች ግን ለእንደዚህ ዓይነት ተማሪዎች የራሳቸው ማመልከቻ አላቸው። የወላጅ ወረቀት ሌላ ጉዳይ ነው። ወላጅ ዜጋ ባይሆንም፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ባይኖረውም ልጁ ድጋፉን ከማግኘት አይከለከልም። ወላጁ ያለ ሶሻል አካውንት መክፈት ይችላል። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ወላጅ መረጃውን ከማስገባቱ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቢያማክር ግን ጥሩ ነው።

የትኛው ዓመት ገቢ?

የዘንድሮው አይደለም፤ ትምህርቱ ከሚጀመርበት ዓመት ሁለት ዓመት ወደኋላ ያለው ነው። ለ2026–27 የትምህርት ዘመን የሚታየው የ2024 ገቢ ነው። ለ2025–26 ደግሞ የ2023 ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፎርሙ ሲከፈት የዚያ ዓመት ታክስ ተሠርቶ ያለቀ ስለሆነ ከአይ አር ኤስ ቀጥታ መሳብ ይቻላል።

ይህ ቀጥታ መሳብ አሁን ባለው መልኩ በ2023 ዲሴምበር መጨረሻ ከወጣው አዲሱ ፎርም ጋር የመጣ ነው። ድሮ ብዙ ወላጅ ቁጥሩን ከታክስ ወረቀቱ እያየ ይገለብጥ ነበር። አሁን ወላጁ ፈቃድ ይሰጣል፣ ቀሪውን ሲስተሙ ያመጣዋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። «እኔ ታክስ አልሠራሁም፣ ስለዚህ ፈቃዱ አይመለከተኝም» ይላል። ይመለከታል። ታክስ ያልሠራ፣ ሶሻል የሌለው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖር ወላጅ ሳይቀር ፈቃዱን መስጠት አለበት። ሌላው ሁሉ ተሞልቶ ፈቃዱ ከጎደለ ልጁ የፌዴራል ድጋፍ አያገኝም።

የሚቆጠረው ቁጥር የትኛው ነው?

አንድ ቤተሰብ እንውሰድ። ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ ባልና ሚስት፣ ሁለት ልጆች ያሏቸው። አባት ኡበር ይነዳሉ፣ እናት ነርሲንግ ሆም ይሠራሉ። በ2024 ለአባት ከኩባንያው የመጣው የታክስ ወረቀት 68,000 ዶላር ይላል። የእናት ደብሊው ቱ (አሠሪ የሚሰጠው የደሞዝ ወረቀት) 30,000 ይላል። ሲደመር 98,000። ቤት ውስጥ የሚወራው ይህ ቁጥር ነው። «መቶ ሺህ እየገባን ማን ይሰጠናል?» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን የታክስ ወረቀቱን እንክፈተው። ከ68,000ው ውስጥ 20,000ው ኩባንያው የወሰደው ድርሻና ልዩ ልዩ ክፍያ ነው፣ አባት እጅ አልገባም። አባት በዓመቱ ለሥራ 35,000 ማይል ነድተዋል። የ2024 የአይ አር ኤስ ተመን በማይል 67 ሳንቲም ስለነበር 23,450 ዶላር ይቀነሳል። የቀረው ትርፍ 24,550 ነው። የእናት 30,000 ሲጨመር 54,550 ይሆናል። ራሱን ችሎ የሚሠራ ሰው ከሚከፍለው የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ታክስ ግማሹም ይቀነሳል፣ እዚህ 1,730 ዶላር ገደማ። በመጨረሻ ፎርም 1040 መስመር 11 ላይ የሚቀመጠው 52,800 ገደማ ነው። ይህ ነው ኤጂአይ (የተስተካከለ ጠቅላላ ገቢ) የሚባለው። ፋፍሳ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ሁለት ወላጅ ባሉበት ቤተሰብ ይህ ቁጥር ከፌዴራሉ መንግሥት የድህነት መለኪያ 175 በመቶ ካልበለጠ ልጁ ሙሉውን ፔል ያገኛል። የ2026–27 ፎርም የሚጠቀመው የ2024ን መለኪያ ሲሆን ለአራት ሰው 31,200 ዶላር ነው። 175 በመቶው 54,600 ይመጣል። ስለዚህ «መቶ ሺህ እየገባን» ሲባልበት የነበረው ቤት ልጅ ሙሉ ፔል ይገባዋል።

ልጅ ብቻቸውን ለሚያሳድጉ እናት ወይም አባት ጣሪያው ከፍ ይላል፣ 225 በመቶ ነው። አንዲት እናት ከሁለት ልጆች ጋር ቢኖሩ እስከ 58,095 ዶላር ድረስ ሙሉ ፔል ማለት ነው። ከዚያ በላይ ያለ ደግሞ ቀስ እያለ ይቀንሳል እንጂ ወዲያው አይቋረጥም።

ማይል የማይመዘግብ፣ ደረሰኝ የማይይዝ ሹፌር እንግዲህ ሁለት ጊዜ ይከስራል። አንዴ በታክሱ፣ ሌላ ጊዜ በልጁ ድጋፍ። እባካችሁ መዝግቡ።

ኤጂአይውን፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ ሀብቱን አንድ ላይ አስልቶ ፎርሙ ኤስ ኤ አይ የሚባል ቁጥር ያወጣል። ከዜሮ በታች እስከ 1,500 ሊወርድ ይችላል። ዝቅ ባለ ቁጥር ድጋፉ ከፍ ይላል። ይህን ቁጥር «የምንከፍለው ሂሳብ» አድርገው የሚያነቡ ወላጆች አሉ። አይደለም። ኮሌጁ ድጋፉን ለመደልደል የሚጠቀምበት መለኪያ ነው። የሚከፍሉትን የሚነግርዎት ኮሌጁ የሚልከው የድጋፍ ደብዳቤ ነው።

አንድ የሚያሳዝን ለውጥም አለ። ድሮ ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ ኮሌጅ ከገቡ ስሌቱ ለሁለት ይከፈል ነበር። ከ2024–25 ጀምሮ ይህ በፌዴራሉ ስሌት ቀርቷል። ተከታትለው የሚወለዱ ልጆች ላሏቸው ቤተሰቦች ትልቅ ጉዳት ነው። አንዳንድ ኮሌጆች በራሳቸው ገንዘብ ላይ አሁንም ያስቡታል፣ ስለዚህ ደፍረው ይጠይቁ።

ወደ አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ

እዚህ ላይ ነው ፎርሙ የእኛን ኑሮ የማያየው። በየወሩ ለእናት፣ ለእህት፣ ለሚማር የወንድም ልጅ የሚላክ ገንዘብ ከገቢዎ ላይ አይቀነስም። በዓመት አምስት ሺህም ይላኩ አሥር ሺህ፣ ፋፍሳ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ደሴ ያሉት እናትዎ በቤተሰብ ቁጥር ውስጥም አይገቡም። ቤተሰብ የሚባለው አብሮ የሚኖርና ከግማሽ በላይ ወጪው በእርስዎ የሚሸፈን ሰው ነው። እናትዎ መጥተው ከእርስዎ ጋር የሚኖሩ ከሆነ፣ የሚደግፏቸውም እርስዎ ከሆኑ ግን ይቆጠራሉ። ሲስተሙ የቤተሰቡን ብዛት ከታክስ ወረቀቱ ስለሚገምት፣ ቁጥሩ ልክ ካልሆነ ማስተካከል ይቻላል። የቤተሰብ ብዛት አንድ ሲጨምር የፔሉ ጣሪያም አብሮ ይጨምራል፣ ስለዚህ ሳያዩ አይለፉት።

በተቃራኒው ዘመድ ለልጁ የሚሰጠው ገንዘብ በአዲሱ ፎርም ገቢ ተብሎ አይጠየቅም። አክስቱ መጽሐፍ ብትገዛለት፣ አያቱ ኪስ ውስጥ ቢያስገቡለት አይጻፍም። ከደሞዝዎ ላይ ለ401ኬ (በሥራ ቦታ ለሚጠራቀም የጡረታ ቁጠባ) የሚቆረጠውም አሁን ተመልሶ አይደመርም። ከ401ኬ አውጥተው የተጠቀሙት ገንዘብ ግን ኤጂአይውን ከፍ ያደርገዋል። ልጅ አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለ ጡረታን አፍርሶ ቤት ማደስ በዚህ ምክንያት ብቻ እንኳ ሁለቴ ሊታሰብበት ይገባል።

እቁብ ገቢ አይደለም፤ የራስዎ ቁጠባ ተጠራቅሞ መመለሱ ነው። እጣው የደረሰዎት ፎርሙን በሚሞሉበት ሰሞን ከሆነና ገንዘቡ ባንክ ከተቀመጠ ግን በዚያ ቀን ያለ ጥሬ ገንዘብ ሆኖ ይቆጠራል።

ቤትና ሀብት

የሚኖሩበት ቤት አይቆጠርም። የጡረታ ቁጠባም አይቆጠርም። ፎርሙን በሚሞሉበት ቀን ባንክ ያለ ገንዘብ፣ አክሲዮን፣ ሌላ ቤት ይቆጠራል። ሌላ ቤት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው እዚሁ አሜሪካ ያከራየውን ነው። አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየምስ? በስምዎ ከሆነ እሱም ሀብት ነው። የዛሬ ግምቱ በዶላር ይሰላል፣ የባንክ ዕዳ ካለበት ይቀነሳል፣ የተረፈው ይጻፋል።

ይህን የሰማ ወላጅ «አበቃልን» ሊል ይችላል። ግን ሂሳቡን ይዩት። ቤቱ 15 ሚሊዮን ብር ቢያወጣና አንድ ዶላር 150 ብር ቢሆን 100,000 ዶላር ነው። ከወላጅ ሀብት ወደ ስሌቱ የሚገባው 12 በመቶው ነው፣ 12,000። ከሱ ላይ ደግሞ እንደ ገቢው መጠን ከ22 እስከ 47 በመቶ ይወሰዳል። ስለዚህ ያ ቤት ኤስ ኤ አዩን ከፍ የሚያደርገው ከ2,640 እስከ 5,640 ዶላር ነው። ቀላል አይደለም፣ ግን በሩን አይዘጋም። መደበቅ ግን ሊዘጋው ይችላል። ፎርሙ ላይ ሆን ብሎ ውሸት መጻፍ እስከ 20,000 ዶላር ቅጣት፣ እስር፣ ወይም ሁለቱንም ያስከትላል።

ደግሞም ብዙ ቤተሰብ የሀብት ጥያቄው አይመጣበትም። ልጁ ለሙሉ ፔል ብቁ ከሆነ አይጠየቅም። ባለፉት ሁለት ዓመታት ቤተሰቡ ፉድ ስታምፕ ወይም ሜዲኬይድ ተጠቅሞ ከሆነ አይጠየቅም። የወላጆች ኤጂአይ ከ60,000 በታች ሆኖ ታክሳቸው ቀላል ከሆነም እንደዚያው። ቀላል የሚባለው የኪራይ ቤት፣ የአክሲዮን ሽያጭና የመሳሰለው የሌለበት፣ የግል ሥራ ካለም ትርፉ ወይም ኪሳራው ከ10,000 ዶላር ያልበለጠ ነው።

ሬስቶራንት፣ ግሮሰሪ ወይም የሊሞ ድርጅት ላላቸው ጥሩ ዜና አለ። በ2024–25 ፎርም ላይ የቤተሰብ ንግድ ዋጋ እንደ ሀብት መቆጠር ጀምሮ ነበር። ጁላይ 2025 በወጣው ሕግ ከ2026–27 ጀምሮ ቤተሰቡ በባለቤትነት የሚመራውና ከ100 ያልበለጠ የሙሉ ጊዜ ሠራተኛ ያለው ንግድ እንደገና ከሀብት ዝርዝር ወጥቷል። የማይቆጠረው የንግዱ ዋጋ ነው፤ ትርፉ ገቢ ሆኖ ይቆጠራል።

በልጁ ስም የተቀመጠ ገንዘብ ከወላጅ ሀብት የበለጠ ይመዝናል። ከሱ 20 በመቶው በቀጥታ ይወሰዳል።

ወላጅ የሚባለው ማን ነው?

ከገቢው ይልቅ የእኛን ቤተሰቦች የሚያደናግረው ይህ ነው።

በፋፍሳ ወላጅ ማለት የወለደ ወይም በሕግ ጉዲፈቻ ያደረገ ነው። አጎት፣ አክስት፣ አያት፣ ታላቅ ወንድም ልጁን ከሕፃንነቱ ቢያሳድጉትም ወላጅ አይደሉም። በአበ ልጅነት ማሳደግም አይቆጠርም። ስለዚህ አጎቱ ጋር ሜሪላንድ የሚኖር፣ ወላጆቹ ግን ጎንደር ያሉ ልጅ የሚሞላው የወላጆቹን ገቢ ነው፣ የአጎቱን አይደለም። ይህ ብዙ ጊዜ ለልጁ ይጠቅማል። የወላጆቹ ገቢ በብር ነው። ወደ ዶላር የሚቀየረው ደግሞ ፎርሙ በሚሞላበት ቀን ባለው ምንዛሪ ነው። ጁላይ 2024 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ ይህ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በዓመት 300,000 ብር የሚያገኙ አባት ከዚያ በፊት በነበረው 57 ብር ገደማ ቢሰላ ወደ 5,260 ዶላር ነበር። በ150 ሲሰላ 2,000 ነው። አባትየው ያለ ሶሻል አካውንት ከፍተው፣ ፈቃድ ሰጥተው፣ ቁጥሩን በእጅ ያስገባሉ። የሰዓቱ ልዩነትና የኢሜይሉ ነገር ስለሚያስቸግር በቪዲዮ እየተያዩ አብሮ መሙላቱ ይሻላል።

አጎቱ ከልጁ 18 ዓመት በፊት በፍርድ ቤት ሕጋዊ አሳዳጊ ተደርጎ ከነበረ ግን ነገሩ ይለወጣል። ልጁ ራሱን እንደቻለ ተቆጥሮ የማንንም ወላጅ ገቢ አይሞላም። የፍርድ ቤቱ ወረቀት የት እንዳለ አሁኑኑ ይፈልጉ።

ራሱን የቻለ የሚባለው ሌላው ማን ነው? 24 ዓመት የሞላው፣ ያገባ፣ 13 ዓመት ከሞላው በኋላ ሁለቱም ወላጆቹ በሕይወት ያልነበሩ፣ በፎስተር ኬር ያደገ፣ ወታደር ቤት ያገለገለ፣ የራሱን ልጅ የሚያስተዳድር፣ የማስተርስ ተማሪ። «እኔ ብቻዬን ነው የምኖረው፣ የቤት ኪራዬን ራሴ እከፍላለሁ» የሚል የሃያ ዓመት ልጅ በፋፍሳ ዓይን ራሱን አልቻለም። ወላጆቹ በታክስ ላይ ባይጽፉትም አልቻለም።

ከወላጆቹ የተለያየ ስደተኛ ልጅ ግን ሌላ መንገድ አለው። በሱዳን ወይም በኬንያ አድርጎ ብቻውን የመጣ፣ ወላጆቹ የት እንዳሉ የማያውቅ፣ ወይም ቢያገኛቸው ለአደጋ የሚያጋልጠው ልጅ ፎርሙ ላይ «ልዩ ሁኔታ አለኝ» የሚለውን ይመርጣል። ለጊዜው ራሱን እንደቻለ ተቆጥሮ ያመለክታል። ከዚያ ለኮሌጁ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ታሪኩን አስረድቶ ማስረጃ ያቀርባል። የስደተኛ ድርጅት ደብዳቤ፣ የካውንስለር ደብዳቤ፣ የኢሚግሬሽን ወረቀት ይጠቅማል። ሕጉ ይህን ሁኔታ በስም ጠቅሶ አስቀምጦታል። ልጆች ይህን ሳያውቁ ተስፋ ቆርጠው ፎርሙን ሲተዉት ያናድዳል።

ወላጅ እያለ «አልሞላም» ማለቱ ብቻ ግን ልዩ ሁኔታ አይባልም። እንዲህ ያለ ልጅ ያለ ወላጅ መረጃ ማስገባት ይችላል፣ የሚያገኘው ግን ከመጀመሪያው ቀን ወለድ የሚቆጥር ብድር ብቻ ነው። በመጀመሪያ ዓመት ቢበዛ 5,500 ዶላር። ግራንት የለም። የወላጅ እምቢታ ዋጋው ይሄ ነው።

ለተፋቱ ወይም ለተለያዩ ወላጆች የሚሞላው ባለፉት 12 ወራት ለልጁ የበለጠ ወጪ ያወጣው ነው። ልጁ ማን ጋር ይኖራል የሚለው ከ2024–25 ወዲህ መለኪያ መሆኑ ቀርቷል። የሚሞላው ወላጅ ሌላ ካገባ የእንጀራ አባት ወይም የእንጀራ እናት ገቢም ይገባል። መለያየቱ በፍርድ ቤት መሆኑ ግዴታ አይደለም፤ በሽማግሌ ተለያይተው በየራሳቸው ቤት የሚኖሩ እንደተለያዩ ይቆጠራሉ። ተጋብተው ግን ባል ዱባይ ወይም አዲስ አበባ፣ ሚስት እዚህ ከሆኑ አልተለያዩም። የሁለቱም ገቢ ይሞላል። ሳይጋቡ አብረው የሚኖሩ የልጁ እናትና አባትም ሁለቱም ይሞላሉ።

ታክስ ላይ በጋራ ከሠሩ አንዳቸው ብቻ ቢሞሉ ይበቃል። እዚህ ላይ አንድ የማይወራ ችግር አለ። ተጋብተው አንድ ቤት እየኖሩ ታክስ ሲሠራ «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» (ያላገባ የቤተሰብ አስተዳዳሪ) ተብሎ የሚሞላላቸው ጥንዶች አሉ። ፋፍሳ ላይ «ያገቡ» ተብሎ ታክሱ ላይ ይህ ሲመጣ ኮሌጁ ሁለቱ መረጃዎች ለምን እንደሚጋጩ የመጠየቅ ግዴታ አለበት። ድጋፉም እስኪጣራ ይቆማል። ታክሱን በ1040-ኤክስ (በታክስ ማረሚያው ፎርም) አስቀድሞ ማረም ይሻላል፣ ልጁ መስከረም ላይ ክፍል ሊገባ ሲል ከሚደረስበት።

ስም እና የልደት ቀን

ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ነው። አካውንት ሲከፈት ስም፣ የልደት ቀንና ሶሻል ቁጥር ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ይመሳከራሉ። የእኛ ስም በአንድ ወረቀት አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት በእንግሊዝኛ ይጻፋል። የአባት ስም አንዱ ጋ መካከለኛ፣ ሌላው ጋ መጨረሻ ይሆናል። በስደት ሲመጡ ልደታቸው ጃንዋሪ 1 ተብሎ የተመዘገበም ጥቂት አይደሉም። እውነተኛውን ልደትዎን ሳይሆን ካርዱና መዝገቡ ላይ ያለውን ያስገቡ። ስሙንም ከሶሻል ካርዱ ፊደል በፊደል ይቅዱ። የባልና የሚስት ወይም የአባትና የልጅ የመጨረሻ ስም አለመመሳሰሉ ምንም ችግር የለውም።

የወላጅን አካውንት ልጅ አይክፈት። አካውንቱ ሕጋዊ ፊርማ ስለሆነ የራስዎ ኢሜይልና የራስዎ ስልክ ይሁንበት።

ገቢው ከ2024 ወዲህ ከወደቀ

በ2024 ጥሩ ይሠሩ ነበር፣ አሁን ግን ከሥራ ተቀንሰዋል፣ ታመዋል፣ ወይም ተፋትተዋል እንበል። ፎርሙ ላይ የ2024ን ቁጥር መቀየር አይቻልም። እንዳለ ያስገቡት። ከዚያ ልጁ ተቀባይነት ላገኘባቸው ኮሌጆች በሙሉ ለየብቻ ለፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ይጻፉ። ቢሮው ቁጥሩን በአሁኑ ሁኔታ የማስተካከል ሥልጣን በሕግ አለው። ደብዳቤው አጭር ይሁን። መቼ ምን ሆነ፣ ገቢው ከስንት ወደ ስንት ወረደ፣ ከዚህ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስንት ይጠበቃል። የስንብት ደብዳቤ፣ የመጨረሻ የደሞዝ ወረቀት፣ የሐኪም ሂሳብ ያያይዙ። አንዱ ኮሌጅ እምቢ ሲል ሌላው ሊያስተካክል ይችላል። ውሳኔው የየኮሌጁ ስለሆነ ወደ ትምህርት ሚኒስቴሩ ይግባኝ አይባልም።

ልጁ ትልልቅ የግል ኮሌጆች ላይ ካመለከተ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሁለተኛ ፎርም ይጠየቃል። እሱን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ነው። በጣም ጠለቅ ብሎ ይጠይቃል። የሚኖሩበትን ቤት ዋጋም፣ ብዙ ጊዜም ልጁን የማያሳድገውን የተፋታ ወላጅ ገቢም ይፈልጋል። መጀመሪያው 25 ዶላር፣ ተጨማሪው በኮሌጅ 16 ዶላር ነው፣ ገቢያቸው እስከ 100,000 ለሆነ ቤተሰቦች ግን ነጻ ነው። ወደ አገር ቤት የሚላከውን ገንዘብ ማስረዳት የሚቻለው እዚህ ነው፤ ልዩ ሁኔታ የሚጻፍበት ቦታ ስላለው ይጠቀሙበት፣ የሃዋላ ደረሰኞቹንም ይያዙ።

ፋፍሳ በኦክቶበር 1 አካባቢ ይከፈታል። የ2026–27ቱ የፌዴራል መዝጊያ ጁን 30 ቀን 2027 ነው፣ ግን ይህን ቀን ይርሱት። የስቴት ገንዘብ ቀድሞ ያልቃል። ሜሪላንድ በተለምዶ እስከ ማርች 1፣ ካሊፎርኒያ እስከ ማርች 2 ይቀበላሉ። ኮሌጆች ደግሞ የየራሳቸው ቀን አላቸው፤ አንዳንዱ ጃንዋሪ ላይ ይዘጋል። ፎርሙ በየዓመቱ እንደገና ይሞላል፣ ስለዚህ ዘንድሮ ያልተፈቀደለት ልጅም በሚቀጥለው ዓመት ያስገባ።